የዳነ ሰው ይበድላል?

የዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክት 5 አጫጭር ምዕራፎች ብቻ ያሉት ቢሆንም አንባቢውን ግራ ያጋባል። ምዕራፍ 1 ቁጥር 8 ላይ ኃጢአት የለብኝም ባዩን ራስህን ታታልላለህ ይለዋል። ምዕራፍ 3 ቁጥር 9 ላይ ሲደርስ ደግሞ ከእግዚአብሔር የተወለደ ሰው ጭራሽ ሊበድል አይችልም ይላል።

አብያተ ክርስቲያናት ይህን ጉዳይ ለየቅል ፈትተውታል። ሉተር አማኙ ባንድ ጊዜ ጻድቅም ኃጢአተኛም ነው አለ፤ በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የዚሁ ትምህርት ወራሽ ናት። እንግሊዛዊው ጆን ዌስሊ ግን ፍቅር የሞላው ልብ እያወቀ ከመበደል ሊላቀቅ እንደሚችል አስተማረ። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሁለቱንም በሥርዓቷ ይዛለች፦ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ታጠምቃለች፤ ያንኑ የተጠመቀ ምእመን ካደገ በኋላ ንስሐ አባቱ ዘንድ ቀኖና ታሰጠዋለች፣ 41 ጊዜ «እግዚኦ» ታሰኘዋለች።

ችግሩ አንዱን ጥቅስ ብቻ ነጥሎ የያዘ ሰባኪ ነው። «አዲስ ፍጥረት ነህ» ብቻ ሲባል የኖረ ወጣት አንድ ቀን አረቄ ቤት ከታየ «ወደቀ» ይባላል፣ ከመዘምራን ይታገዳል፤ ይህን ያየ ጓደኛው የራሱን መደበቅ ይማራል። በሌላ በኩል «ሁላችንም ኃጢአተኞች ነን» የሚለው አባባል ጉቦ ለበላውም ሚስቱን ለደበደበውም መሸሸጊያ ሆኗል።

ዮሐንስ ራሱ አረቄም ሲጋራም አላነሳም። ምዕራፍ 3 ቁጥር 15 ላይ ወንድምን መጥላትን ከነፍስ ግድያ እኩል አስቀመጠው።

ይህ ቁጥር በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ቡለን ወረዳ ሲነበብ ይከብዳል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በወረዳው በኩጂ ቀበሌ በተፈጸመ ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አሳውቋል። ሽናሻው፣ ጉሙዙ፣ አማራው፣ አገውና ኦሮሞው በአንድ ገበያ በሚገናኝበት ወረዳ፣ መጠጥ የቀመሰ ምእመን ተጠርቶ እየተመከረ ቂም የቋጠረው ሳይጠየቅ የሚቆርብ ከሆነ፣ የዮሐንስ መለኪያ ተረስቷል ማለት ነው።

ሽናሻዎች ኔሞ የሚሉት የሽምግልና ሥርዓት አላቸው፤ በዚያ ሸንጎ በዳይ እውነቱን ማውጣት አለበት፣ ካሣም ይከተላል። የዮሐንስ መልእክትም ከዚህ አይርቅም። ምዕራፍ 2 ሲጀምር እንዳትበድሉ ነው የምጽፍላችሁ ይልና፣ የበደለ ግን ጠበቃ እንዳለው ይጨምራል፤ ይቅርታውን አስቀድሞ ያሰረው ደግሞ ከመናዘዝ ጋር ነው። የቡለን ቄሶችና ፓስተሮች ለቁርባን የቀረበውን ሰው ስለ መጠጡ ከመጠየቃቸው በፊት ከየትኛው ጎረቤቱ ጋር ሰላምታ እንዳቋረጠ ቢጠይቁት፣ ምዕራፍ 1ንም ምዕራፍ 3ንም ባንድ ጥያቄ ያስተምሩት ነበር።