የግል አስተያየት፦ ላፕቶፑ ከሰው ጋር ይሄዳል፣ ዴስክቶፗ ከማኅበሩ ጋር ትቀራለች

የኒውዮርክ መዝጊያ ማታ እንደተለመደው ይለጠፋል። አሁን ግን ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ላንሳ፦ «ለቢሯችን እነዚህን ትንንሽ ርካሽ ዴስክቶፖች እንግዛ ወይስ ላፕቶፕ ይሻለናል? ወይስ ስልኩ ይበቃል?» ጠያቂዎቹ የመሠረታዊ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኞች፣ የዩኒየን ሰዎች፣ አዳዲስ ላኪዎችም ናችሁ።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። ቋሚ ቢሮና ቋሚ መዝገብ ያዥ ላለው ማኅበር፣ ዩኒየን ወይም ላኪ ትንሿ ዴስክቶፕ ከላፕቶፕ ትሻላለች። ዋናው ምክንያቴ ርካሽነቷ አይደለም። ከጠረጴዛው ስለማትነሳ ነው።

የብዙ ቢሮዎችን አሠራር ታውቁታላችሁ። የእሸት ግዢው በደብተር ነው። የአባላት ዝርዝር በአንድ ሠራተኛ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ከገዢ ጋር የተደረገው የዋጋ ስምምነት በሥራ አስኪያጁ ዋትስአፕ ላይ ነው። የባንክ ወረቀቱ ፎቶ የሒሳብ ሹሙ ስልክ ውስጥ ነው። ሁሉም በቦታቸው እስካሉ ድረስ ሥራው ይሄዳል። አንዱ ሲለቅ ግን የዓመታት መረጃ አብሮት ይወጣል። ላፕቶፑ ቢመለስ እንኳ ፎርማት ተደርጎ ነው የሚመለሰው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። የተጻፈውም ቢሆን የሚወረሰው የተጻፈበት ዕቃ ቢሮ ውስጥ ሲቀር ነው።

ይሄ የጽሕፈት ቤት ጣጣ ብቻ አይደለም፣ ገንዘብ ነው። አርሶ አደሩ በኅዳር እሸቱን ያስረክባል። ማኅበሩ አትርፎ ክፍፍል ሲያደርግ የአባሉ ድርሻ የሚሰላው ባስረከበው ኪሎ ነው። ኪሎው ከጠፋ ድርሻው ጠፋ ማለት ነው። እንደው ለስሌት፣ አንድ ጣቢያ በወቅቱ 300,000 ኪሎ እሸት ገዛ እንበል። የመዝገብ ስህተቱ 1 በመቶ ብቻ ቢሆን 3,000 ኪሎ እሸት ነው። ለአንድ ኪሎ ታጥቦ የተዘጋጀ ቡና 6 ኪሎ ገደማ እሸት ስለሚያስፈልግ 500 ኪሎ ያለቀለት ቡና ወጣ። ይህ 1,100 ፓውንድ አካባቢ ነው። ለስሌት እንዲመቸን ፓውንዱን 3 ዶላር ብንይዘው 3,300 ዶላር ገደማ ሆነ። በዚህ ገንዘብ ስንት ትንንሽ ዴስክቶፕ እንደሚገዛ እናንተው አስሉት።

ላኪዎችም ብትሆኑ ያው ናችሁ። አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ፣ ጆንያው 60 ኪሎ፣ በጠቅላላው 19.2 ቶን ነው። በፓውንድ 42,300 አካባቢ ይሆናል። በፓውንድ አንድ ሳንቲም ብቻ ብትለያዩ በአንድ ኮንቴይነር 423 ዶላር ነው። ባለፈው ዓመት ለዚሁ ገዢ፣ ለዚሁ ደረጃ፣ ከኒውዮርኩ በስንት ልዩነት እንደሸጣችሁ አንድ ፋይል ከፍታችሁ ማየት ከቻላችሁ ለድርድር የምትቀመጡት መረጃ ይዛችሁ ነው። ካልቻላችሁ መረጃው ያለው ገዢው ጋ ብቻ ነው። ኮምፒውተሯ ራሷ ያቺን ሳንቲም አታመጣላችሁም። የምታመጣው በየቀኑ የተሞላው መዝገብ ነው።

ለቡና ሰዎች ደግሞ የአውሮፓው የደን ሕግ አለ። ተግባራዊነቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትልልቅና መካከለኛ ኩባንያዎች በአውሮፓውያኑ ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ላይ ደርሷል። መራዘሙ ያዘናጋው ሰው ብዙ ነው፤ ሥራው ግን አልቀነሰም። ቡናው ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት እንዳልመጣ ለማሳየት የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ያስፈልጋል። ከ4 ሄክታር በታች ላለ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ዙሪያው ይለካል። ነጥቡም ከአሥርዮሽ በኋላ 6 አሃዝ ያለው ነው። አውሮፓ ያለው አስመጪ ሰነዱን 5 ዓመት ማቆየት አለበት፤ ጥያቄ ሲነሳበት ዞሮ የሚጠይቀው እናንተን ነው። የ5,000 አባላትን እንዲህ ያለ ዝርዝር በስልክ ስክሪን ላይ በአውራ ጣት ማረም አይቻልም። ስልክ ማሳው ላይ ሄዶ ለመመዝገብ ጥሩ ነው። የተመዘገበው ማረፊያ ግን ሌላ ቦታ መሆን አለበት።

እሺ፣ የትኛዋን? ገበያው ላይ ያሉት በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛ፣ አዲሶቹ ሚኒ ፒሲዎች። በመዳፍ የሚያዙ ሳጥኖች ናቸው። ብዙዎቹ ኢንቴል ኤን 100 የሚባለውን በ2023 የወጣ አነስተኛ ፕሮሰሰር ይጠቀማሉ። ውጭ አገር ለረጅም ጊዜ ከ150 እስከ 200 ዶላር አካባቢ ሲሸጡ ነበር። ለኤክሴል፣ ለኢሜይል፣ ለሒሳብ ፕሮግራምና ለዋጋ ገጾች በቂ ናቸው። ራም ከ8 ጊጋ አይነስ፣ 16 ከተገኘ ይሻላል። ማከማቻው ኤስኤስዲ መሆኑን አረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ ያገለገሉ የቢሮ ትንንሽ ዴስክቶፖች። የሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ። ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የተሠሩ ስለሆኑ ጠንካሮች ናቸው። እዚህ ጋ ግን ተጠንቀቁ፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በመደበኛው መንገድ የሚቀበለው በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ኢንቴሎች ነው። ለማወቅ ቀላል ነው። «አይ 5-8500» ከሚል ቁጥር የመጀመሪያዋ 8 ትውልዱን ትነግራችኋለች። «አይ 5-6500» ከሆነ 6ኛ ነው፤ ሻጩ የፈለገውን ቢል እለፉት።

ሦስተኛ፣ እንደ ራስበሪ ፓይ 500 ያሉት። ኪቦርዱ ውስጥ ኮምፒውተሩ አለ። በዲሴምበር 2024 ሲወጣ 90 ዶላር ነበር። ዋጋው ያጓጓል። ግን የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ሒሳብ ሹማችሁ ፒችትሪ የለመደ፣ ጸሐፊዋ በፓወር ግዕዝ የምትጽፍ ከሆነ ሁለቱም የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ናቸው። ለተማሪ ልጃችሁ ግዙለት፣ ለማኅበሩ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ዋጋው። የሳጥኗን ዋጋ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። የእሸት ዋጋ ይዛችሁ ጂቡቲ እንደደረሰ ቡና አታሰሉትም አይደል? እዚህም እንደዚያው ነው። ሞኒተር አለ፣ ኪቦርድና ማውዝ አለ፣ ዩፒኤስ አለ፣ ለመጠባበቂያ ኮፒ የሚሆን የውጭ ሃርድ ዲስክ አለ። እነዚህ ሲደመሩ ከመካከለኛ ላፕቶፕ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ስለዚህ «ርካሽ ነው ብለን ገዛን» የሚለው ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ልዩነቱ በኋላ ነው የሚመጣው። የዴስክቶፕ ኪቦርድ ቢበላሽ ኪቦርድ ትገዛላችሁ፣ ሞኒተሩ ቢሰበር ሞኒተር። ላፕቶፕ ላይ ሻይ ከፈሰሰ ግን ሁሉም አንድ ላይ ሊሄድ ይችላል።

«መብራቱስ?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ የላፕቶፕ ትልቁ ብልጫም ይሄው ነው፦ ባትሪ አለው። ነገር ግን ትንሿ ዴስክቶፕ ከአሮጌው ታወር ጋር አንድ አይደለችም። በመደበኛ የቢሮ ሥራ 15 ዋት ገደማ ብትወስድ፣ ሞኒተሩ 20 ዋት ቢሆን፣ ድምሩ 35 ዋት ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሶላር ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ 600 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በኢንቨርተር የሚባክነውን ቀንሳችሁም ከ12 ሰዓት በላይ ያሠራችኋል። 100 ዋት የሚፈጅ ታወር ከነሞኒተሩ በዚሁ ባትሪ 5 ሰዓትም አይቆይም። ለታወር ጥቂት ደቂቃ የሚሰጠው ትንሹ ዩፒኤስም ለእሷ እጥፍ ድርብ ይቆያል። ዩፒኤስ ሳትገዙ ግን ዴስክቶፕ አትግዙ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል መዋዠቅ መብራት ከመጥፋቱ የባሰ ነው።

የሰሊጥ ሰዎች፣ ሁመራና መተማ ያላችሁ፣ ለእናንተ አንድ ተጨማሪ። አቧራ ስለሚበዛ ማራገቢያ የሌላት ሳጥን ጥሩ ትመስላለች፤ ሙቀቱ ሲከብድ ግን ራሷን ለማዳን ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ማራገቢያ ያላትን ግዙና በየወሩ አጽዷት፤ ከመጋዘኑ ጋር በአንድ ክፍል አታስቀምጧት።

«ዋጋ እስኪወርድ እንጠብቅ?» ለሚለው እንደ ዋጋ ተንታኝ ልመልስ። የኮምፒውተር ራም እንደ ቡናው ሸቀጥ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። አብዛኛውን የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። በ2025 ሁለተኛ አጋማሽ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች ግዢ ሲያይል አምራቾቹ ወደዚያ ዞሩ፣ ለእኛ ዓይነቱ ዕቃ የሚቀረው ጠበበ፣ ዋጋውም ዘለለ። በ2021 ብራዚል ውርጭ ሲመታት ቡና ላይ የሆነውን አስታውሱ። አቅርቦት በጥቂት እጅ ያለ ነገር ሲወደድ በፍጥነት፣ ሲወርድ በቀስታ ነው። የምንዛሪው ሁኔታ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ስለዚህ ዋጋ አሳድዳችሁ አትጠብቁ፤ ወስናችሁ ከሆነ የግዢው ወቅት ሳይገባ ግዙ። መዝገብ የሚጀመረው የመጀመሪያው እሸት ከመመዘኑ በፊት ነው፣ በጥር አይደለም።

ማን አይግዛ? ከዲላ ይርጋጨፌ፣ ከይርጋጨፌ ሐዋሳ የሚመላለስ ነጋዴ አይግዛ፤ ለእሱ ላፕቶፕ ነው የሚሆነው። 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ የሚሠራ ኮምፒውተር ያለው ቢሮም አይግዛ፤ ብሩን ዩፒኤስና ሃርድ ዲስክ ላይ ያውለው። በየጠዋቱ ከፍቶ የሚሞላ ሰው ያልመደበ ማኅበርም አይግዛ። ሰው የሌላት ኮምፒውተር የዳንቴል ማስቀመጫ ናት።

ለምትገዙት አራት ነገር ልጨምር። በንብረት መዝገብ ላይ በማኅበሩ ስም ትመዝገብ። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፣ ኢሜይሉም የድርጅቱ እንጂ የግለሰብ አይሁን። በየሳምንቱ ዓርብ መጠባበቂያ ኮፒ ይወሰድና ሃርድ ዲስኩ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይደር፤ ትንሽነቷ ለሌባም ይመቻልና ከጠረጴዛው ጋር እሰሯት። ከየቦታው የሚመጣ ፍላሽ ደግሞ ዝም ብሎ አይሰካባት።

ስትጀምሩም ሦስት ፋይል ይበቃችኋል፦ የዕለት ግዢ በአባል ስም፣ የማሳ መገኛ፣ እና የሽያጭ ውል ከነዋጋ ልዩነቱ። ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።

ሥራ አስኪያጅ ይቀየራል፣ ሒሳብ ሹም የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ይሄዳል፤ መብታቸው ነው። በኅዳር እሸቱን ተሸክሞ የመጣው አባል ግን የትም አይሄድም። ከዓመት በኋላ መጥቶ «የእኔ ስንት ነበር?» ሲል ማንም ቦታው ላይ ይቀመጥ፣ ከፍቶ የሚያሳየው ነገር ሊኖር ይገባል።

እናንተ ጋ መዝገቡ የት ነው ያለው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። መልካም ገበያ!