የዝንብ ምስክርነትና የሙቀት መለኪያ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1935 በስኮትላንድ፣ ሞፋት ከተማ አቅራቢያ የሁለት ሴቶች የተቆራረጠ አስከሬን ተገኘ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ዶክተር አሌክሳንደር ሚርንስ ከአስከሬኑ የተሰበሰቡትን የዝንብ እጮች መርምረው ዕድሜያቸውን ከ12 እስከ 14 ቀን ገመቱ። ግምቱ ሴቶቹ ከጠፉበት ጊዜ ጋር ተጣጣመ፤ ገዳዩ ሐኪም ባክ ረክስተንም በ1936 በስቅላት ተቀጣ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሙያው ፊዚክስ እንጂ ሥነ ነፍሳት አይደለም። ሆኖም ይህ ሰዓት የሚሠራው በሙቀት ነው። እጭ በሞቃት ስፍራ በፍጥነት፣ በብርድ ስፍራ በዝግታ ታድጋለች፤ ስለዚህ የሚቆጠረው ቀን ብቻ ሳይሆን ቀንና ሙቀት በአንድነት ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ በ15 ዲግሪ ስፍራ ቢሠራበት፣ በዝግታ ያደገችው እጭ ከዕድሜዋ በታች ትገመታለች፤ ሞቱም ዘግይቶ የደረሰ ይመስላል። በዚያ በተሳሳተው ቀን ሌላ ከተማ የነበረ ገዳይ ነጻ ሲወጣ፣ በስፍራው የተገኘ ንጹሕ ሰው ይከሰሳል።

ከዳሎል እስከ ራስ ደጀን የተዘረጋች አገር እንግዲህ በአንድ ሠንጠረዥ ልትዳኝ አትችልም። የባዮሎጂና የፊዚክስ ተማሪዎቻችን በልዩ ልዩ ከፍታዎች ዝንብ እያሳደጉ ሙቀቱን በየሰዓቱ ሊመዘግቡ ይገባል። ሥራው ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው ቴርሞሜትርና ትዕግሥት ነው፤ የሚጠብቀው ግን የሰው ነጻነት ነው።