ሽሮዬ ውስጥ ያለው ነጭ ቅመም

በጾም ሽሮ ላይ ኤም ኤስ ጂ የተባለውን ነጭ ቅመም ቆንጠር አድርጌ ስጨምር ታናሽ እህቴ አየችኝና «ኬሚካል ልታበዪን ነው?» ብላ ሳትቀምስ ተነሳች። አዘንኩ። እሷ ወጥ ውስጥ የምትፈረፍረው የሾርባ ኩብ ላይ ይኸው ስም ተጽፏል።

ቅመሙን እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር አረም መረቅ ለይቶ ያወጣው ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናዬ ኢኬዳ ነው። በውስጡ ያለው ግሉታሜት በቲማቲምም፣ በእናት ጡት ወተትም አለ። የቅመሙ ስም የጠፋው እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ሐኪም የቻይና ምግብ ቤት ስበላ አንገቴ ይደነዝዛል ብሎ ለአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ከጻፈ ወዲህ ነው። ሐኪሙ እኮ የማብሰያ ወይኑንና የጨው ብዛቱንም ጠርጥሮ ነበር! በኋላ ተመጋቢው የበላውን ሳያውቅ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ያ ሕመም በወጥነት አልታየም። በባዶ ሆድ ብዙ መጠን የወሰዱ ጥቂት ሰዎች ግን ቀለል ያለ ስሜት ተሰምቷቸዋል፤ የሚያመው ሰው ይተወው።

እኔን የሚያሳስበኝ ጨው ነው። እናቴ ደም ግፊት አለባት። በኤም ኤስ ጂ ውስጥ ያለው ሶዲየም በገበታ ጨው ውስጥ ካለው ሲሶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጨዉን በግማሽ ቀንሼ ይህን እጨምራለሁ። «አልጫ ሆነብኝ» እያለች ሳህኑን ትገፋ የነበረችው እናቴ አሁን እንጀራ ድገሚኝ ትላለች።