ለሞተ እድር አለን፤ ለተወለደስ?



አባቶቻችን «ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» ሲሉ የልጅ ነገር በጨቅላነቱ እንደሚወሰን መናገራቸው ነበር። ዛሬ ሳይንስ ይህንኑ በዝንጀሮ አስመስክሮታል። ከዝንጀሮ ጋር አነጻጸረን ብላችሁ እንዳትቆጡኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በኬንያ፣ በአምቦሴሊ፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ዝንጀሮዎችን አንድ በአንድ እየለዩ ከልደት እስከ ሞት ይመዘግባሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናታቸው ለአካለ መጠን የደረሱ 196 ሴት ዝንጀሮዎችን ይመለከታል። የልጅነት መከራቸው ስድስት ተብሎ ተቆጠረ፦ ድርቅ፣ የእናት ሞት፣ የእናት ዝቅ ተደርጎ መታየት፣ የእናት ብቸኝነት፣ ታናሽ ቶሎ መከተልና የመንጋው መጨናነቅ ናቸው። ሦስትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው፣ ቢበዛ አንድ ብቻ ከደረሰባቸው አሥር ዓመት ያህል ቀድመው ሞተዋል። ዝንጀሮ ሲጋራ አያጨስ፣ መጠጥ አይጠጣ፤ በሱስ ማሳበብ አይቻልም።

ከመካከላችን በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የተወለደ፣ በሱዳን መጠለያ ያደገ፣ እናቱን በልጅነቱ ያጣ ጥቂት አይደለም። «አለፈ፣ ተረሳ» እንላለን። ሰው ዝንጀሮ ባይሆንም የሰውም ገላ የልጅነትን መከራ በቀላሉ አይረሳም። ስለዚህ ሐኪም ሲጠይቀን «ደኅና ነኝ» ብሎ ከመሸፋፈን የልጅነታችንንም ታሪክ ብንነግረው ይበጃል።

ደግሞም ተስፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የዚያው የአምቦሴሊ ጥናት፣ ልጅነታቸው ከፍቶ ሳለ በጉልምስና ዘመናቸው ፀጉራቸውን እየፈተሸ የሚያጸዳላቸው ጽኑ ወዳጅ ያገኙ ሴት ዝንጀሮዎች ዕድሜያቸው እንደሚረዝም አሳይቷል።

እንግዲህ ድርቅን ማስቆም አንችልም፤ ሞትንም አንመልስም። የእናትን ብቸኝነት ግን እንችላለን። አገር ቤት አራስ ስትተኛ ጎረቤት ገንፎ ይዞ ይገባ ነበር። እዚህ ባል ሌሊት ታክሲ ሲነዳ ሚስት ከሕፃኗ ጋር አራት ግድግዳ ታያለች። ለክርስትናው መቶ ሰው እንጠራለን፤ በማግስቱ ግን በሯን የሚያንኳኳ የለም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዱ እድርና ማኅበር የአራስ ጠያቂ ተራ ያውጣ። ልጅ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በሳምንት አንድ ቀን አንድ ቤተሰብ ይሂድ፤ ምግብ ይዞ፣ ሕፃኑን ተቀብሎ፣ እናቲቱን ያስተኛ። ይህ የሴቶች ሥራ ብቻ አይደለም፤ ወንዶችም ገንፎ ማገንፋት እንማር።

አስከሬን አገር ቤት ለመላክ በአንድ ምሽት ገንዘብ የምናዋጣ ሕዝብ ነን። ከዚያ ትጋት ጥቂቱን ገና ለሚጀምረው ሕይወት ብናውለው ምን ይጎድልብናል?