ቻርተሩን ማን አፈረሰው?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ «ፌዴራሊዝሙን የጫነብን ያ የወያኔ ቻርተር ነው፤ እኛን ማን ጠየቀን?» ብሎ ለጥፎ አየሁ። ላይኩ መዓት ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ እወደዋለሁም፤ ግን ይሄን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

ደርግ ከወደቀ ገና አንድ ወር ነበር። ከሰኔ 24 እስከ 28 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ከሃያ በላይ ድርጅቶች ተቀመጡ። ስሙም የሰላምና የዴሞክራሲ ሽግግር ኮንፈረንስ ነበር። ከዚያ በወጣው ቻርተር በተቋቋመው የተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ሀዲያ ወንበር ነበረው፤ ከምባታም ነበረው። የሀዲያውን ድርጅት የመሩት የባዮሎጂ መምህሩ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ነበሩ። የሽግግሩ መንግሥት ምክትል የትምህርት ሚኒስትርም ሆነዋል። ታዲያ እንዴት ነው ማንም አልነበረንም የሚባለው?

ኧረ ጉባኤው ንጹሕ ነበር አላልኩም! ጠረጴዛውን ያዘጋጀው ጠመንጃ የያዘው ነው። ከ87ቱ ወንበር 32ቱን ኢሕአዴግ ወሰደ፣ 12ቱን ኦነግ። ኢሕአፓና መኢሶን በሩም አልተከፈተላቸው። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ወረቀቱ ግን አንቀጽ 1 ላይ ሰብአዊ መብት፣ አንቀጽ 2 ላይ የራስን ዕድል በራስ መወሰን ብሎ ነው የጀመረው። የተሸከመው ነገር ከጻፉት ሰዎች ይበልጥ ነበር።

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። በሰኔ 1984 ኦነግ ወጣ። በ1985 ደግሞ ፓሪስ በተደረገው የተቃዋሚዎች ስብሰባ የተካፈሉት የደቡብ ድርጅቶች «ከውሳኔው ራሳችሁን አግልሉ» ተባሉ፤ አናገልም ያሉት ከምክር ቤቱ ተባረሩ። የእኛ ሰውም አብሮ ተባረረ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ ፕሮፌሰሩ ውጭ ነበሩ። አምስቱ የደቡብ ክልሎች ተጨፍልቀው አንድ ሲሆኑም ሕዝበ ውሳኔ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሕዝቡ ግን ረሳ? በ1992 ምርጫ ሀዲያ የተባረረውን ሰው መረጠ። ያኔ ትላልቆቻችሁ የተሰለፉበትን ሰልፍ ቤት ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል።

ሲዳማ በ2012 ሕዝበ ውሳኔ አደረገ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ሌሎቹ ደቡቦች በ2015። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የተመሠረተው ግን በተረፈው ላይ ነው። ነሐሴ 2015 ሆሳዕና የክልል መቀመጫ ሆነች ሲባል ጨፈርን፤ እኔም ጨፍሬያለሁ፣ አልዋሽም። ድምፅ ስጡ ያለን ግን የለም። ይሄ የቻርተሩ ጥፋት ነው ወይስ ከቻርተሩ የራቁት ሰዎች?

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ሁለት ወገን ፈረመ። ጥይት ቆመ፣ ተመስገን። ግን ከሁለቱ ውጭ ያለነው ሌሎቻችን የት ነበርን ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ «ሰላም ጠል» ይባላል። ይሄንን ዘፈን በ1985 ሰምተነዋል ወገኖቼ።

ፕሮፌሰር በየነ በመስከረም 2017 አርፈዋል። ነፍሳቸውን ይማር። በፖለቲካቸው ሁሌ ከእሳቸው ጋር አልስማማም፤ መውጫውን እያወቁ ወንበር ላይ መቀመጣቸው ግን ይቆጠርላቸዋል።

ልጄ፣ ፖስትህን አጥፋ አልልህም። «ማን ጠየቀን» የሚለውን ግን «የተጠየቁትን ማን አባረራቸው» በለው። ቻርተሩ ሐምሌ 15 ቀን 1983 በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ አጭር ጽሑፍ ነው፤ አንድ ክፍለ ጊዜ አይፈጅም። አንብበውና ና እንከራከር፣ ቡናው በእኔ።