በእንግሊዝኛ ይቅርታ ስለ መጠየቅ

ሰው ሆኖ የማይበድል የለም። በደሉን አውቆ ይቅርታ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ይቅርታውን በሚገባው ቃል የሚጠይቅ ደግሞ ከጥቂቱም ጥቂት ነው። በገዛ ቋንቋችን እንኳ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፥ በባዕድ ቋንቋ ሲሆን ችግሩ የሚብስ መሆኑ የታወቀ ነው። በየመሥሪያ ቤቱም በየቤተ ሰቡም በእንግሊዝኛ የሚጻጻፍ ሰው ብዙ ስለ ሆነ፥ በዚህ ሳምንት ስለዚሁ ነገር ጥቂት ለመናገር አሰብን።

እኛ አክብሮትን የምንገልጸው በግሡ ነው። ለወንድም «ይቅር በለኝ»፥ ለእኅት «ይቅር በይኝ»፥ ለታላቅ ሰው «ይቅር ይበሉኝ» እንላለን፤ ቃሉ ያው ሲሆን መልኩ ብቻ ይለወጣል። እንግሊዞች ግን ለአለቃም ለሎሌም የሚሉት «ዩ» ነው። ቀድሞ ለቅርብ ሰው የሚነገር «ዛው» የሚባል ቃል ነበራቸው፤ እርሱ ግን በ17ኛው መቶ ዓመት ከተራው ንግግር እየጠፋ ሄደ። ስለዚህ አክብሮታቸውን በቃል ምርጫና በዐረፍተ ነገር ርዝመት ይገልጻሉ። የኛ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ቃሉ ሁሉ አንድ ይመስለዋልና።

«ኤክስኪዩዝ ሚ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከድርጊቱ በፊት ነው፤ በሰው መካከል ለማለፍ ወይም ንግግር ለማቋረጥ ፈቃድ እንደ መለመን ይቈጠራል። የሰው እግር ከረገጡ በኋላ ግን በእንግሊዝ አገር የሚጠበቀው «ሶሪ» ነው። «አይ ቤግ ዩር ፓርደን» ማለት ቃል በቃል «ምሕረትህን እለምናለሁ» ሲሆን፥ ያልሰሙትን ለማስደገምም ይነገራል፤ በቍጣ ድምፅ ከተነገረ ግን ልመና መሆኑ ቀርቶ ተግሣጽ ይሆናል። «አይ አፖሎጃይዝ» የሚለው ለደብዳቤና ለሸንጎ የሚስማማ ነው። የሰው ሰነድ ጠፍቶበት ለባለጉዳዩ «ሶሪ» ብቻ ብሎ የጻፈ ሹም፥ ጥፋቱን አቅልሎ እንደ ተመለከተ ይቈጠርበታል። «ሪግሬት» የሚለው ደግሞ ኀዘንን ይገልጻል እንጂ በደልን አያምንም፤ የሌላው ሰው ጥፋት ቢሆንም ሊነገር ይችላልና።

የቃላቱ ትውልድም ትምህርት ይሰጣል። «አፖሎጂ» ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፥ የመጀመሪያው ትርጕሙ ተከሳሽ በሸንጎ ቆሞ የሚሰጠው መልስ ነው። ሶቅራጥስ በአቴና ዳኞች ፊት የተናገረው፥ አፍላጦን የጻፈው ንግግር በዚሁ ስም ይጠራል፤ ሶቅራጥስ ግን ራሱን ተከላከለ እንጂ ይቅርታ አልለመነም። «ሶሪ» የሚለው ግን የተወለደው ቍስልንና ሕመምን ከሚያመለክት ከጥንት የእንግሊዝ ቃል ነው። እንግዲህ ባለ ብዙ ፊደሉ ቃል ከችሎት፥ ትንሹ ቃል ከቍስል መጣ ማለት ነው።

ይህን ልዩነት እኛ ራሳችን በኀፍረት ተምረነዋል። በልጅነታችን እንግሊዝኛ ያስተማሩን አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩ። ባለቤታቸው ባረፉ ጊዜ ሥራ በዝቶብናል ብለን ከቀብሩም ከለቅሶውም ቀረን። ከሁለት ወር በኋላ፥ በመዝገብ ቤት እንደ ለመድነው፥ «ስለ ደረሰው ማናቸውም ቅሬታ» ይቅርታ የሚጠይቅ ያማረ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍንላቸው። ሰዋስዉ እንከን አልነበረበትም። እርሳቸውም፥ «የመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የአንተን ግን ገና እጠብቃለሁ» ብለው መለሱልን። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። በማግሥቱ «ሶሪ» ከሚለው ቃል ጀምረን፥ «መምጣት ሲገባኝ አልመጣሁም» የሚል ሁለት መስመር ጽፈን፥ ለፖስታ ሳንሰጥ ራሳችን ይዘን ሄድን። እርሳቸውም በሩን ከፍተው፥ ወረቀቱን ሳያነቡ በፊት አስገብተው አስቀመጡን።

ይህ የአንድ ቤት ነገር ብቻ እንዳይመስል፥ በመንግሥት ደረጃም የሆነውን እንናገር። በአውስትራልያ ብዙ የአገሬው ተወላጆች ልጆች በመንግሥት ትእዛዝ ከወላጆቻቸው ተነጥቀው ያደጉ መሆናቸውን በ1997 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የወጣው የምርመራ መግለጫ አስታወቀ። በ1999 በጠቅላይ ሚኒስትሩ በጆን ሃዋርድ አሳሳቢነት ምክር ቤቱ ጥልቅ ጸጸቱን ገለጸ፤ በዚያ ውሳኔ ውስጥ ግን «ሶሪ» የሚለው ቃል አልነበረም። የተበደሉትም ያንን አንድ ቃል መጠበቃቸውን አልተዉም። በየካቲት 13 ቀን 2008 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኬቪን ራድ በካንቤራ በምክር ቤቱ ፊት ቆመው «አፖሎጃይዝ»ንም «ሶሪ»ንም በአንድነት ተናገሩ። የመጀመሪያው ቃል የመንግሥትን ክብር ጠበቀ፤ ሁለተኛው የእናቶችን ቍስል ነካ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በዚያ አገርም እውነት ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ በእንግሊዝኛ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ሁለት ነገር ይመርምር፤ ሰውዬው ለእርሱ ምን ያህል ቅርብ ነው? በደሉስ ምን ያህል ከባድ ነው? ለማያውቁት ሰውና ለመሥሪያ ቤት ረዥሙንና ክቡሩን ቃል መጻፍ ይገባል። ለወዳጅ፥ ለመምህርና ለቤተ ዘመድ ግን አጭሩና ቅርቡ ይሻላል። በሁለቱም ዘንድ የበደሉትን ሥራ በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። «ቅር ያለው ሰው ካለ» ማለት ጥፋትን በተበደለው ላይ መጣል ነው፤ ከይቅርታ በኋላ «ነገር ግን» ማለትም የሰጡትን መልሶ መውሰድ ነው።

ልጆቻችን በትምህርት ቤት «ሶሪ» ማለትን ቶሎ ይለምዳሉ፤ መልካም ነው። ወላጆች ግን «ስለ ምን?» ብለው ይጠይቋቸው። ልጁ ያጠፋውን በስሙ ከተናገረ ይቅርታ መጠየቅን ተምሯል፤ ካልተናገረ ግን የተማረው ድምፅ ብቻ ነው። ካፈርሁ አይመልሰኝ ከሚል ግትርነት፥ ልብ ከሌለበት ያማረ ቃልም፥ እግዚአብሔር ሁላችንን ይሰውረን።