ርእሰ አንቀጽ፦ ለጉልትም ለአስመጪም አንድ ሚዛን

ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና መርሳን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። መኪና በቆመ ቁጥር ማንጎና ፓፓያ የያዙ ሴቶች ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። ከእነርሱ ፈንጠር ብላ ቡና የምታፈላው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በጆንያ ላይ ደርድራ የምትሸጠው፣ ጫማ የሚጠግነው፣ ሱቅ በደረቴውን አንግቶ የሚዞረው አለ። ከመካከላችን በዚሁ ገቢ ተምሮ እዚህ የደረሰው ጥቂት አይደለም። በዚህ እትም ስለ ንግድ ፈቃድ ማንሣታችን ስለዚህ ነው፤ ነገሩ የሕግ ተማሪዎች ብቻ ጉዳይ ተደርጎ እንዳይታይብን አንባብያንን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ሕግ ነጋዴ የሚለው ማንን እንደ ሆነ እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ገበሬውን፣ ከብት አርቢውን፣ ዓሣ አጥማጁንና በእጁ ሥራ የሚያድረውን ባለሙያ ከነጋዴ ወገን አይቆጥራቸውም ነበር። እንግዲህ የሀብሩ ገበሬ ከጓሮው የለቀመውን ማንጎ ሲሸጥ ነጋዴ አልነበረም፤ ያንኑ ማንጎ ከእርሱ ገዝታ ለመንገደኛ የምትቸረችረው ጎረቤቱ ግን ነጋዴ ነበረች። መሬት ያለው ከደንቡ ውጭ ሲሆን መሬት የሌላት ደንብ ውስጥ ገባች ማለት ነው። ይህ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። ለእኛ ከመተካቱ ይልቅ የሚያስገርመን፣ ይህን ያህል ዘመን ስለ ጉልት ነጋዴዋ ለይቶ የተናገረ ሰው ማነሱ ነው።

ቅጣቱም ከዚህ የባሰ ነው። በአዋጅ ቁጥር 686/2002 መሠረት የጸና ፈቃድ ሳይኖረው የነገደ ሰው ከ150,000 እስከ 300,000 ብር መቀጮና ከ7 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይጠብቀው ነበር። ይኸው አዋጅ በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 980 ቢተካም ያለ ፈቃድ መነገድ ዛሬም ወንጀል ነው። እነዚህን ቁጥሮች የጻፉት ሰዎች በዐይነ ኅሊናቸው የነበረው ቆርቆሮና ብረት በመርከብ የሚያስመጣው ነጋዴ ይሆናል፤ የሕጉ ቃል ግን ለአስመጪውም ለማንጎ ሻጯም አንድ ነበር። እርግጥ ነው፤ ማንጎ ሸጠሽ ተብላ ሰባት ዓመት የታሠረች ሴት አናውቅም። ነገር ግን ሕግ እስከማይፈጸም ድረስ ሲከብድ በቦታው የሚተካው የፈጻሚው ፈቃድ ነው። ደንብ አስከባሪው ዛሬ ዐይቶ ያልፋል፣ ነገ ቅርጫቱን አንሥቶ ይሄዳል። ሴትየዋም መብቷ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ሳታውቅ የሰው ፊት ስታነብ ትውላለች።

ፈቃድ ታውጣ የሚል ይኖራል። መልካም፤ የሚከፈለው ገንዘብ ያን ያህል ላይከብድ ይችላል። የሚከብደው መመላለሱ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል፤ የቤት ኪራይ ውል ያስፈልጋል፤ የሚበላና የሚጠጣ ነገር ከሆነ ከሌላ መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ለማደስ ደግሞ ከገቢዎች የግብር ክሊራንስ መምጣት አለበት። አንዱ ወረቀት ሌላውን ይጠራል። የአንዲት የማኅበራችን አባል እናት ለአንድ ማኅተም ሦስት ቀን ተመላልሰዋል፤ መልሱ ሁልጊዜ «ሲስተም የለም» ነበር። ሦስት ቀን ጉልት አለመቀመጥ ለእኚህ እናት ምን ማለት እንደ ሆነ ለመርሳ ልጅ ማስረዳት አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የፔሩው ሄርናንዶ ዴ ሶቶና ባልደረቦቹ በሊማ ከተማ አንዲት ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት በሕጉ መሠረት ለማስመዝገብ ሞክረው 289 ቀን ፈጅቶባቸዋል። እነርሱ ጥናታቸው ስለ ነበረ ታገሡት፤ እንጀራው ከዚያች ስፌት ቤት የሚወጣ ሰው ግን ከየት አምጥቶ ይታገሣል?

አሁን ደግሞ ስለ ሐምሌ እንናገር። የፈቃድ እድሳት የሚጀመረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሂሳብ የሚይዘው የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ አራት ወር፣ የደረጃ «ለ» ሁለት ወር ሲሰጠው፣ ትንሹ የደረጃ «ሐ» ነጋዴ የተሰጠው ሐምሌ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ትንሹ የሒሳብ መዝገብ ስለማያዘጋጅ ነው ይባላል፤ ለመዝገብ ቤቱ ይህ ትክክል ነው። ሐምሌ ግን በእኛ አገር ገበሬው እህሉን ጨርሶ አዲሱን የሚጠብቅበት፣ ገበያው በዝናብና በጭቃ የሚቀዘቅዝበት፣ የልጆች የደብተር ወጪ የሚታሰብበት ወር ነው። ማሽላውና ጤፉ ገብቶ ገበሬው ኪሱ ብር የሚያገኘው፣ ቸርቻሪዋም የምትሸጥለት የምታገኘው ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ የግብር ከፋይ ደረጃዎች ወደ ሁለት ወርደዋል። ደረጃውን የቀነሱት ሰዎች ቀን መቁጠሪያውንም ከገበሬው መኸር ጋር ቢያስተያዩት ምን ነበረበት?

የእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ መከራ አለበት። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ወልድያና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። ባንክ አልነበረም፤ መብራትና ስልክ አልነበረም፤ ብዙ ሱቆች ባዶ ሆነው ቀሩ። እነዚያ ወራት የእድሳት ወራት ነበሩ። እፎይ ሳይባል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተዘጋ። ይህም የሆነው እንደ ገና በእድሳት ሰሞን ነው። በዚህ መካከል የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ወደ ኢንተርኔት እየተሸጋገረ ነበር። ሽግግሩን አንነቅፍም፤ አንድን ሰው ከአምስት ጠረጴዛ የሚያድን ነገር ከሆነ እንወደዋለን። ግን መስመሩን የሚዘጋውም፣ በመስመሩ ካላደስክ የሚለውም አንዱ መንግሥት ሲሆን፣ በመካከሉ ያለፈው ቀን ከማን ሒሳብ ይቆረጣል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንቀጽ በሕጉ ውስጥ ተጽፎ እንዲገኝ እንሻለን፤ በየጊዜው በደብዳቤ የሚራዘም ቸርነት አይበቃም።

ሌላውንም ወገን ሳንሰማ ብናልፍ ፍርድ ማጓደል ይሆንብናል። ፈቃድ አውጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ግብር ከፍሎ የሚሠራው ባለሱቅ በደጁ ላይ ያንኑ ዕቃ ያለ ምንም ክፍያ የምትሸጠውን ሴት ሲያይ ቢከፋው አንፈርድበትም። መንገዱና ትምህርት ቤቱ፣ እኛ የምንማርበትም አዳራሽ ጭምር፣ ከግብር የሚሠራ ነው። ግን ግምትም በሚዛን ካልሆነ ባለፈቃዱንም ያስመርረዋል፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት በተነገረ ጊዜ በኦሮሚያ ከተሞችና በአዲስ አበባ ብዙ ሱቆች ተዘግተው የዋሉት በዚህ ምክንያት ነበር። ደርግም በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴውን በአንድ ፈቃድና በካፒታል ጣሪያ ወስኖት ነበር። ያ ዘመን ነጋዴን የመጠርጠር ልማድ ትቶብን ሄዷል፤ ልማዱ አዋጁ ከተሻረ በኋላም ከአንዳንድ ጠረጴዛ አልተነሣም።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ደንቦቹን ለማቃለል የሞከረውን ሙከራ እናደንቃለን። የዓለም ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የንግድ ምቹነት ሠንጠረዥ ኢትዮጵያ ከ190 አገሮች 159ኛ ነበረች፤ ያን ጊዜ ብዙ ስብሰባ የተደረገው ያን ቁጥር ለማሻሻል ነበር። ሠንጠረዡ በመረጃው ላይ በተነሣ ነቀፌታ በ2014 ዓ.ም. ቀርቷል። ደግሞም ይመዝን የነበረው በትልቁ ከተማ የሚቋቋመውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንጂ በመርሳ መንገድ ዳር ያለችውን ሴት አልነበረም። እርሷን የሚመዝን ሠንጠረዥ ከዋሽንግተን እስኪመጣልን መጠበቅ የለብንም።

የምንጠይቀው ይህ ነው። ከተወሰነ ገቢ በታች ያለ ቸርቻሪ በቀበሌው በአንድ ቀን በአንድ ቅጽ ይመዝገብ፤ የኪራይ ውል አይጠየቅ። ቅጣቱ በንግዱ መጠን ይለካ። የትንሹ ነጋዴ የክፍያና የእድሳት ወራት እስከ ታኅሣሥ ይሁኑ። መስመር በተቋረጠ ጊዜ በወረዳው በወረቀት መዝገብ የተፈረመ ማመልከቻ በዚያው ቀን እንደ ቀረበ ይቆጠር። ይህን በጽሑፍ አዘጋጅተን በሀብሩ ወረዳና በዞኑ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እናቀርባለን፤ ከመምህሮቻችን መካከል ሕጉን የሚያውቁ ረቂቁን እንዲያዩልን በትሕትና እንጠይቃለን።

እስከዚያው ድረስ በገበያ ቀን መርሳ ላይ አንድ ጠረጴዛ ዘርግተን ቅጽ ለመሙላትና ማመልከቻ ለመጻፍ አስበናል፤ ዋጋ አንቀበልም። የሕግና የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች፣ የእጅ ጽሑፋቸው የሚነበብ ሌሎችም፣ ስማቸውን ለዚህ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል እስከ ወሩ መጨረሻ ይስጡን። ጃንጥላና አንድ አግዳሚ ወንበር ያለው ሰው ቢያውሰንም ደስ ይለናል።